ከተበላሸ ዲስክ ጽሕፈትን ስለ ማዳን

በዘመሮም ሆነ በሌላው የመንዝ አገር የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍና ደብዳቤ በኮምፒዩተር ለሚያኖር ሰው ይህን ምክር እናቀርባለን። ዲስኩ የተጎዳ እንደ ሆነ አንዳች ነገር አይጻፍበት፤ የቀረውን የሚደመስሰው አዲሱ ጽሕፈት ነውና። የሚነበበውን አስቀድሞ፥ የተበላሸውን በኋላ በሚያነበው ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሙሉ ግልባጭ ወደ ደኅና ዲስክ ይወሰድ፤ ሥራውም ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን።

የፋይሎቹ ማውጫ ቢጠፋም ተስፋ አይቆረጥም። ጥራዙ ተፈትቶ ቅጠሉ የተበተነ ብራና «በስመ አብ» ካለበት መጀመሪያው እንደሚታወቅ፥ ጄፔግ የሚባለው የፎቶግራፍ ፋይልም ዘወትር በ255 እና በ216 ቁጥሮች ይጀምራል። ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ምልክት እየፈለገ ይለቅማል። ነገር ግን የፋይሉ ስም ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ተበታትኖ የተቀመጠውም ጎዶሎ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ደኅና ሳለ ሁለተኛ ግልባጭ ማኖር ይበልጣል እንላለን።