ጓሳው የሚከፈትበት ቀን

ወረኢሉ ሜዳ ላይ ከባህር ዛፍ በቀር ለምድጃ የሚሆን እንጨት እምብዛም የለም። በየደጃፉ የሚታየው የኩበት ክምር ነው። ሴቶቹ እበቱን ከጭድ ጋር ለውሰው ይጠፈጥፉታል፤ ሲደርቅ ይከምሩታል። ማሳውን ማዳበር የሚችለው እበት እንጀራ ይጋገርበታል።

ከዚህ በስተምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ ደንቆሮ ጫካ አለ። ታች ወይራውና ኮሶው፣ ከፍ ሲል አስታው፣ ጫፉ ላይ ጓሳ ሣሩና ጅብራው ይታያሉ። ዙሪያው ሁሉ እንዲህ በተራቆተበት አገር ይህ ደን ለዛሬ የበቃው ስለተከለከለ ነው። ክልከላው እንዲላላ የሚመኝ ሰው ይህን ሐቅ መርሳት የለበትም።

ቀድሞ የመንግሥት ደን ተብሎ ይጠበቅ የነበረው፣ ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነው ቦታ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በኋላም ሰፍቶ ወረሂመኖ የሚለው ስም ተጨመረለት። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር ይኖሩበታል። ፓርክ መሆኑ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ጥብቅ ቦታዎችን በየዓይነታቸው ለየ። አንደኛው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ሌላው ደግሞ ነባሩ ሕዝብ ከዱር እንስሳቱ ጋር አብሮ እየኖረ የሚጠብቀው ክልል ነው። አንድ ጫካ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ በተወሰነ ቀን የከብቱ፣ የሣሩና የማገዶው ጉዳይም አብሮ ተወሰነ ማለት ነው። በልግ ሲቀር ከብቱን የት እንደሚያሰማራ የሚጨነቀው ገበሬ በዚያ ውሳኔ ላይ ምን ያህል ድምፅ አለው? የኔ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው መልስ የሌለው አይደለም። ከወረኢሉ ወደ ደቡብ፣ መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ጓሳ የሚባለው ደጋ ይገኛል። እዚያ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩ ሲከለልና ሲከፈት ኖሯል። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የአጽመ ርስት መብት ነበር። ጠባቂዎቹን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ ሲያሻም አምስት ዓመት ሳይነካ ይቆይ ነበር፤ ቁመቱ ታይቶ፣ ችግሩ ተመዝኖ ሲከፈት ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገር ነበር። ያን ጊዜ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው የሚሆነው ይታጨድ፣ ከብቱም ይገባ ነበር። ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ጓሳው ይዘጋ ነበር። ክረምቱ የሣሩ ነበር። የሚከለከለው ሰው እስከ መቼ እንደተከለከለ ያውቅ ነበር፤ ክልከላውን ሲጥስ የሚያየውም ጎረቤቱ ነበር።

ቄሮ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ርስት የሌለው ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም፤ ይህ በደል ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ያን በደል ሲሽር ግን ጠባቂውንም አብሮ ሻረው። ሕዝቡ በበኩሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጓሳን የሚያዋስኑ የገበሬ ማኅበራት ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠሉ፤ በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ብሎ በደንብ አጸናላቸው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያው ናቸው።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶት ነበር። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ለዋልያው ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ የግጭ ሰው ቀዬውን ለቆ የከፈለው ዋጋ ከፓርኩ ስኬት ጋር አብሮ ሲነገር አልሰማም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ደንቆሮ የግጭን መንገድ መከተል የለበትም። የጫካው እንብርት ይዘጋ፤ አንድም መጥረቢያ አይግባበት። ዳር ዳሩ ያለው ጓሳ ግን ለአጎራባች ቀበሌዎች የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን ይቆረጥለት፤ ርስት ነበረው አልነበረውም ሳይባል ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ድርሻ ይመደብ። ቀኑን የሚቆርጠው ጉባኤም መካነ ሰላም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ቀበሌው ላይ፣ ሣር አጫጆቹና ኩበት ጠፍጣፊዎቹ ባሉበት ይቀመጥ።