አሮጌው ኮምፕሬሰር ደጋ ሲወጣ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ደቡብ ወሎ፣ አጅባር ላይ ከቤቱ ጎን ቆርቆሮ ጥሎ በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት ይህ ለውጥ የደረሰው በመሣሪያ ዋጋ በኩል ነው። ግራይንደሩም ኮምፕሬሰሩም በዶላር የሚገቡ ናቸው። አዲሱ ከአቅም በላይ ሲሆን ዓይን ወደ ያገለገለው ይዞራል፤ ወደ ደሴ ጋራዦች፣ ወደ መርካቶው ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ወደሚላክ ዕቃ።

ይህ መጥፎ ነገር ነው አልልም። እንደ አጅባር ላሉ ከተሞች ያገለገለ ማሽን የኢንዱስትሪ መነሻ ካፒታል ነው። የምሰጋው ገዢው ሁለቱን ማሽኖች በአንድ ሚዛን ሲመዝናቸው ነው። አሮጌ ግራይንደር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ አሮጌ ኮምፕሬሰር ግን፣ በተለይ ደጋ ላይ፣ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ግራይንደር ውስጥ ቶሎ የሚያልቁት ካርቦኑ፣ ኩሽኔታው፣ ማብሪያውና ገመዱ ናቸው። ሁሉም ተገዝተው ይቀየራሉ፤ ጥቅልሉ ቢቃጠል እንኳ ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ ደሴ ላይ አይጠፋም። የጠረጴዛ መሞረጃ ከሆነ ድንጋዩን አውልቆ በእንጨት እጀታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። ከአሜሪካ የተላከ የ110 ቮልት ማሽን በእኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ስለዚህ የትራንስፎርመሩ ዋጋ ከስጦታው ጋር አብሮ ይታሰብ።

መከለያው የወለቀ ትንሽ ግራይንደር ሲያጋጥማችሁ ግን ለምን እንደወለቀ ጠይቁ። አንዳንዱ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ብሎ ያወልቀዋል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ የ230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚችለው 6,600 ዙር ነው። ዲስኩ ሲበታተን ስባሪው ዓይን ያጠፋል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ዓይኑን ካጣ ሥራውም አብሮ ይዘጋል።

አሁን ወደ ኮምፕሬሰሩ እንምጣ። የዚያው የደቡብ ወሎ ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ3 ደቂቃ የሚሞላ ታንከር እዚህ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ማሽኑ አዲስ ሆኖ ነው። ፋሻው ከተበላና ቫልቩ ከላላ ጊዜው የበለጠ ይረዝማል፣ ቆጣሪውም አብሮ ይቆጥራል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ቁጥር ከማመን ይልቅ ባዶ ታንከር አስነሥቶ እስኪሞላ በሰዓት መለካት ይሻላል። አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች መርካቶ ላይ የተለካው ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ከሚገኘው ብዙ አይርቅም።

የታመቀ አየር ውድ ጉልበት ነው። ኮምፕሬሰር ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሥራ ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ጎማ ለመንፋት፣ ቀለም ለመርጨት፣ ብናኝ ለማራገፍ እሺ፤ በአየር የሚሠራ ግራይንደር ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር ማገናኘት ግን ኪሳራ ነው። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ማሽን የሚሰጠው አየር በሰከንድ 3 ሊትር ቢሆን ነው። አየር ማስተላለፊያው ጎማ ላይ ያለች የ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብቻዋን ከዚህ ሲሶውን ያህል ትወስዳለች። የሳሙና አረፋ ቀብቶ ቀዳዳ መፈለግ ምንም አያስወጣም፣ ብዙ ግን ያድናል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ስለተወሰነ ዛሬ ቸል የተባለ ቀዳዳ ከርሞ የበለጠ ያስከፍላል።

ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ከረንትም አለ፤ ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ማታ መብራት ሲደክም መነሣት አቅቶት ካጓራ ቶሎ ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ጥቅልሉ ይነዳል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ታንከሩ ነው። አየር ሲታመቅ ውሃ ይተፋል፤ ውሃው በየቀኑ ካልወረደ ታንከሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ግን አዲስ ቀለም ሊታይበት ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ታንከሩን አየር እስከማይቀርበት ድረስ በውሃ ሞልቶ በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ማድረስ። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንከሩ ቢሸነፍ ያፈሳል እንጂ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። በብየዳ የተደፈነ ታንከር ግን በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ከባንክ ብድር ጋር ምን አገናኘው? በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን መያዣ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። የካፒታል ዕቃ ኪራይም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የተፈቀደ ሥራ ነው። ያም ሆኖ አሮጌ ማሽን ይዞ ብድር የሚጠይቅ ሰው ቤት አለህ ወይ ተብሎ ይመለሳል። አበዳሪውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ደረሰኝ የለውም፣ የፋብሪካ ቁጥሩ ተፍቋል፣ ምን ያህል እንደሚሠራም የሚመሰክር የለም፤ ዋጋውን በምን ይገምተው?

መስካሪ ግን ሊገኝ ይችላል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም አሉ። አንድ የውሃ ፓምፕ፣ አንድ የግፊት ጌጅና አንድ ቴክኒሻን መድበው ያገለገለ ማሽን የሚፈትሹበት ቀን ቢኖራቸው፣ ገዢው የሽያጭ ውል፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ የመሙያ ጊዜና የታንከር ፈተና ውጤት የሰፈረበት ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ይዞ ብድር መጠየቅ ይችላል።