ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ መሄዱና ስለ መቅረቱ

ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ስለ ምን ነው? የሚቀረውስ ስለ ምን ነው? ይህ ጥያቄ ለካህናት ብቻ የተተወ አይደለም፤ የሕዝብን ኑሮ የሚጠብቁ ሹማምንትም ሊያስቡበት የሚገባ ነው። የሚሄደውን ሃይማኖተኛ፥ የሚቀረውን ከሓዲ ብሎ መለየት ለብዙ ሰው ቀላል መስሎ ይታየዋል። ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ግን እውነቱ እንዲህ ሆኖ አይገኝም።

ለዚህ ምርመራ ከድሬዳዋ ሰፈሮች አንዱ የሆነው ሳቢያን የተመቸ ምሳሌ ነው። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች፥ ከየአገሩ ለሥራና ለንግድ የመጣ ሰው ያቀናት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚኖረው ሕዝብ ከ100ው 71ዱ ያህል ሙስሊም፥ 26ቱ ያህል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሆኖ ተገኝቷል። በጎጃም ወይም በመንዝ ገጠር የተወለደ ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ሲሄድ አይቶ አብሮ ይሄዳል፤ ቢቀርም የት ቀረህ የሚለው አያጣም። በሳቢያን ግን የአንዱ ጎረቤት ዓርብ ወደ መስጊድ የሚሄድ፥ እሑድ ጧት ሱቁን የሚከፍት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰፈር ክርስቲያኑን የአገር ልማድ ብቻውን አይገፋውም፤ የሚሄደው በፈቃዱ ነው፤ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ማንም ሳያውቅበት ነው።

ነገር ግን ሄደ ወይም ቀረ ከማለት አስቀድሞ መሄድ ማለት ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ፥ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት ተብላ በ3 ክፍል የተሠራች ናት። ሕዝቡ ግን በእነዚህ ብቻ አይወሰንም፤ ከዛፉ ሥር የሚቆም አለ፤ ከደጀ ሰላሙ አልፎ የማይገባ አለ፤ ከመንገድ ላይ ተሳልሞ፥ ግንባሩን ከበሩ አሳርፎ ወደ ሥራው የሚያልፍ አለ። ይህ በበሩ ተሳልሞ ያለፈው ሰው ከሄዱት ይቈጠራል ወይስ ከቀሩት?

ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ከተጠየቁት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ከ100ው 78ቱ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን ብለው መመለሳቸውን ገልጧል። በሩሲያ እንዲህ ያሉት ከ100ው 6 ብቻ ናቸው። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ቢሆንም ሊያዘናጋን አይገባም። ያው ተቋም በዚያው ዓመት አሜሪካውያንን የመሄዳቸውንና የመቅረታቸውን ምክንያት ጠይቆ ነበር። አዘውትረው ከሚሄዱት ከ100ው 81ዱ ዋና ምክንያታችን ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ነው አሉ፤ 69ኙም ልጆቻችን መልካም ጠባይ እንዲይዙ ነው አሉ። ከሚቀሩት መካከል ግን ስለማላምን ነው ያሉት ከ100ው 28 ብቻ ሲሆኑ፥ ሃይማኖቴን በሌላ መንገድ እፈጽማለሁ ያሉት 37 ናቸው። እምነት እጅግ ቀዘቀዘ በሚባልበት አገር እንኳ ከሚቀሩት የሚበዙት በክሕደት የቀሩ ካልሆኑ፥ በእኛ አገር የሚቀረውን ሰው ከሓዲ ነው ብሎ መፍረድ እንዴት ይገባል?

በእኛ ዘንድ ሰውን ከውጭ የሚያስቀረው ይልቁንም ፍርሃትና እፍረት ነው። ወንድ የወለደች እናት እስከ 40 ቀን፥ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን እንዳትገባ፥ ሴትም በወር አበባዋ ጊዜ፥ ባልና ሚስትም አብረው ባደሩበት ቀን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ሥርዓቱ ይከለክላል። ይህ ሁሉ በቀን የተወሰነ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው በቀን የተወሰነውን ሥርዓት ሳያውቀው የዕድሜ ልክ አድርጎታል። በሰማንያ ስለ ተጋባሁ፥ ጾም ስለ ፈታሁ፥ ኀጢአቴ ስለ በዛ ልገባ አይገባኝም እያለ ከዓመት እስከ ዓመት በቅጥሩ ሥር ይቆማል። ከቊርባኑም ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይቀርባሉ፤ በመካከል ያለው ጐልማሳ ግን ይርቃል። በወንጌል እንደ ተጻፈው፥ ራቅ ብሎ ቆሞ ደረቱን ይመታ የነበረው ቀራጭ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ያም ሆኖ የእርሱ ጽድቅ ከትሕትናው የተነሣ እንጂ ከርቀቱ የተነሣ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ምክንያት አለ። በእርሻ አገር ካህኑ የእያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ የንስሐ አባት የሌለው ሰው አይገኝም። ለሥራ ወደ ከተማ የመጣው ግን የንስሐ አባቱን በአገሩ ትቶ መጥቷል። አዲስ ለመያዝ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ዓመቱም ሲረዝም መጠየቁን ያፍራል። በፋብሪካም ሆነ በሆስፒታል ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሠራተኛ፥ ድሬዳዋ ቆላ ናትና፥ ፀሓይዋ ሳትበረታ ማረፍ ይሻል፤ ቅዳሴው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ግእዙን ያልተማረ ወጣትም ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆሞ የሚሰማውን ሳያስተውል ይመለሳል። ነጠላ የሌላት፥ ለአጥቢያው የሚከፈለውን የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያልከፈለች ድሃም በሰው ፊት እንዳታፍር ከቤቷ ትቀራለች። በአስተዳደሩ መካከል የገንዘብ ክርክር ሲነሣ ደግሞ ክርክሩን የሰማ ሁሉ ልቡ ይቀዘቅዛል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ክሕደት አይደለም።

ሕዝቡ ፍቅሩ እንዳልጠፋ ማስረጃው ቍልቢ ነው። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ በተሳሉት ስለት በተሠራው በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስፍር ቍጥር የሌለው ሰው ይሰበሰባል። ከድሬዳዋም የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣው ብዙ ነው። በቤቱ አጠገብ ያለውን ደጅ በዓመት አንድ ጊዜ የማይረግጥ ሰው ያን ሁሉ ዳገት ስለ ምን ይወጣል? በቍልቢ የራሱን ጭንቀት ይዞ ስለሚሄድ፥ በስለቱም የሚያደርገው አንድ ነገር ስላለው፥ ማንም ስለ ብቃቱ ስለማይጠይቀው ነው። እንደዚሁም በ2012 ዓ.ም. በተላላፊው በሽታ ምክንያት ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ቍጥር በተወሰነ ጊዜ፥ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ተንበርክኮ ሲጸልይ ታይቷል።

ሹማምንትን በሚመለከተው ነገር፥ በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባና የዘመቻ ሥራ ብዙ ጊዜ በእሑድ ጧት ይጠራ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ አሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ በ27ኛውም አንቀጽ ማንም ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ ደንግጓል። እንግዲህ ሹም ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂድ ሊለው ሥልጣን የለውም፤ ነገር ግን ክርስቲያኑን በእሑድ፥ ሙስሊሙን በዓርብ ጸሎት ሰዓት በማያስፈልግ ስብሰባ ከመያዝ ሊጠነቀቅ ይችላል።

የሚበልጠው ሥራ ግን የካህናት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰንበታት ሕዝቡ እንዲሰበሰብ ባዘዙ ጊዜ ካህናቱም እንዲያስተምሩት አዝዘዋል፤ የሕዝቡ መምጣትና የካህናቱ ማስተማር አይነጣጠሉም። ድሬዳዋ የምትጠጣውን ውሃ ከምታገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ የሳቢያን ጉድጓድ ነው። ውሃው ከመሬት በታች ስላለ ብቻ የተጠማ አልጠጣም፤ የሚቈፍር፥ የሚስብ፥ በቧንቧ ወደ ቤቱ የሚያደርስ አስፈልጓል። እንዲሁም የቤተ ክርስቲያን ጸጋ በውስጧ ስላለ ብቻ በቅጥሩ የቆመው አይረካም። ስለዚህ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ካህናት ወደ በሩ ወጥተው፥ ከየት መጣህ? የንስሐ አባትህ ማን ነው? ብለው በፍቅር ቢጠይቁ፥ የንስሐ አባት የሌለውንም ያን ዕለት ቢያገናኙት፥ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይህ ይጠቅማል። ወንጌሉንም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማብራራት፥ ሥርዓቱ የሚከለክለውን ከማይከለክለው ለይቶ ማስረዳት፥ ድሃውን ስለ ገንዘብ በሰው ፊት አለማሳፈር ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ወደ ውስጥ የገባው ቢያንስ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ቍልቢ የወጣውም ስለቱን ያደርሳል። በበሩ ተሳልሞ የሚያልፈው ግን ማንም ካልጠራው ልጁን ለማሳለም ላያመጣ ይችላል፤ የልጁም ልጅ በሩን ላያውቀው ይችላል። እርሱ እስከ ደጁ መጥቷል፤ የቀረው መንገድ ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት መንገድ መሄድ የሚገባው በውስጥ ያለው ነው።