የተሠወረው ሥራ
ያረጀ አሞርዛተር በቤት በተሠራ መሣሪያ እንዴት ይታደሳል?

በአንድ አውቶሞቢል ላይ ሰው የሚያየውና የሚያመሰግነው ቀለሙንና መቀመጫውን፣ ቢበዛም የሞተሩን ድምፅ ነው። ከመንኰራኵሩ ኋላ በጭቃና በአቧራ ተሸፍኖ የሚሠራውን አሞርዛተር ግን ከመካኒክ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ ቤተሰብ የጫነ መኪና በመንገዱ ጸንቶ እንዲሄድ ከሚያደርጉት መሣሪያዎች አንዱ ይህ የተሠወረው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ያረጀውን አሞርዛተር ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ እንዴት እንደሚያድሱት፣ ይልቁንም ሥራው ምን ያህል ታማኝነት እንደሚፈልግ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ብዙ ሰዎች የመንገድን ንውጽውጽታ የሚቀበለው አሞርዛተሩ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያ የሚቀበለው ግን ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ከልካይ ባይኖረው መኪናው ጕድጓዱን ካለፈ በኋላም እየተነሣና እየወደቀ ይሄድ ነበር። አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ በማሳለፍ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ያለቀበት እንደ ሆነ ጎማው በሻካራ መንገድ ላይ ይዘላል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም።

ለምሳሌ እንዲሆነን ሞሪስ ማይነር የተባለውን የእንግሊዝ መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በሎንዶን ለሕዝብ ታየ፤ ሥራው በ1971 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስም ከ1,500,000 በላይ ተሠርቶ ወጣ። የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ በ1906 ዓ.ም. የተወለደው፣ በዮሐንስ ራእይ ስሟ በተጠቀሰው በሰምርኔስ ከተማ ነበር። ሥራው ከቆመ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ በእንግሊዝ ሀገር መኪናውን እያደሱ የሚነዱት ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው።

የሞሪስ ማይነር አሞርዛተር እንደ ዛሬዎቹ እንደ ቧንቧ የረዘመ አይደለም። በቅርጹ ትንሽ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ፒስተኖች፣ በውጭ ደግሞ ክንድ አለው። መንኰራኵሩ ሲነሣና ሲወርድ ክንዱ ዘንጉን ያወዛውዛል፤ ዘንጉም ፒስተኖቹን በየተራ እየገፋ ዘይቱን በቫልቭ በኩል ያመላልሰዋል። በፊተኞቹ መንኰራኵሮች ዘንድ ይኸው ክንድ መንኰራኵሩን ከላይ የሚይዘው አካል ነው። ስለዚህ አሞርዛተሩ ቢላላ የሚጐድለው ምቾት ብቻ አይደለም፤ የመንኰራኵሩም አያያዝ ይናጋል።

ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ከሣጥኑ በሚወጣበት ቦታ ነው። ቀዳዳው ከብዙ ዘመን መፋተግ የተነሣ ይሰፋል፤ ዘይቱም ቀስ በቀስ ይፈሳል። ዘይት ብቻ ጨምሮ፣ ከውጭ ቀለም ቀብቶ «ታድሷል» ማለት ሕመሙን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ታማኙ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ መኪናውን በጽኑ መቆሚያ ላይ ያሳርፋል፤ የታችኛውንም ክንድ በክሪክ ይደግፋል። አሞርዛተሩ በተፈታ ጊዜ የሞላውን ኃይል የሚይዝ ድጋፍ ከሌለ አደጋው ከባድ ነውና። ከዚያ በኋላ የሣጥኑን ውጭ አጥቦ፣ ክንዱ በዘንጉ ላይ የተቀመጠበትን አቅጣጫ በምልክት ይለያል። ክንዱ በጥርሳም ዘንግ ላይ በኃይል የተጫነ ስለ ሆነ በመዶሻ አይወጣም፤ ሣጥኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለት ወፍራም ብረቶችን በረዣዥም ቡሎኖች አያይዞ፣ በመካከላቸው የዘይት ክሪክ አቁሞ፣ ራሱ መጭመቂያ ይሠራል። በዚህም ዘንጉን ቀስ እያለ ይገፋዋል።

የሰፋው ቀዳዳ በቶርኖ ተስተካክሎ የነሐስ ቡሽ ይገባበታል። የግራና የቀኙ ቡሽ በአንድ መስመር ካልዋለ ዘንጉ ይያዛል። ዘይት ከልካዩ ጎማ በዘንጉ ጥርስ እንዳይቈረጥ ሠራተኛው ከስስ ቆርቆሮ እጅጌ ሠርቶ ዘንጉን ያለብሰዋል፤ ጎማውንም በልኩ በተቈረጠ የቧንቧ ቍራጭ እኩል ገፍቶ ያስቀምጠዋል። የቫልቩን ሞላዎች ሳያደባልቅ አጥቦ በየቦታቸው ይመልሳቸዋል። የሚጨመረው ንጹሕ የአሞርዛተር ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ግን ፈጽሞ አይጨመርም። እየጨመረም አየሩ እስኪወጣ ድረስ ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ያንቀሳቅሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚመሰከርለት ግን በፈተና ነው። ሣጥኑን በሞርሳ አስሮ፣ በክንዱ ላይ ረዥም ብረት አጋጥሞ፣ በጫፉ የታወቀ ክብደት ይሰቅላል። ክብደቱ በስንት ሴኮንድ እንደ ወረደ ለክቶ ደኅና ከሆነው አሞርዛተር ጋር ያመዛዝናል። ግራውና ቀኙ ሊተካከሉ ይገባል። ክንዱ ያለ ተቃውሞ ባዶውን የሚሄድበት ስፍራ ቢገኝ ገና አየር አለ ማለት ነው። የተሰነጠቀ ሣጥን ያገኘ እንደ ሆነም፣ ገንዘቡ ቢቀርበትም «ይህ አይታደስም» ይላል።

ደግሞም ማንኛውም አሞርዛተር ይከፈታል ማለታችን አይደለም። በሀገራችን ዛሬም የምናያቸው አሮጌ ፎልክስዋገኖች የሚይዙት እንደ ቧንቧ ያለው ዓይነት ተዘግቶ የተሠራ በመሆኑ፣ ሲደክም በአዲስ ይለወጣል። ጋዝ በግፊት የተሞላውን ዓይነት በመጋዝም ሆነ በእሳት ለመክፈት መሞከር ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

የቤተሰብ አባት መካኒክ ባይሆንም ሊያስተውል የሚችለው ነገር አለ። የቆመውን መኪና በአንድ ማዕዘኑ ተጭኖ ሲለቀው፣ ተነሥቶ ወዲያው ሊረጋ ይገባል፤ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ደክሟል። በአሞርዛተሩ ላይ የዘይት ርጥበት ወይም በጎማው ላይ ያልተስተካከለ መበላት ቢያይ፣ ጕዞ ሳይጀምር ያስመርምር።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር እንደ ነበር እናውቃለን። የእጅ ሥራ ክብሩ በመሣሪያው ውድነት አይደለም፤ ቁርጥራጭ ብረት በብልኅ እጅ መልካም መሣሪያ ይሆናልና። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ በውስጡ የተሠራውን ከሠሪውና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያየው የለም፤ በመኪናው የሚሳፈሩት እናትና ልጆች ግን ሕይወታቸውን አምነው የሚሰጡት ለዚያ ላልታየው ሥራ ነው። ልጆቻችንን ሙያ ስናስተምር ይህን ጨምረን እናስተምራቸው።