ነፍስንና ሥጋን የለየው ፍልስፍና በምርመራ ክፍል ውስጥ

ራስ ምታት፣ የልብ ትርታና የሰውነት መቃጠል ያስቸገረው ሰው ወደ ጤና ተቋም ይመጣል። ደሙ፣ ሽንቱና ሰገራው ተመርምሮ ችግር ሳይገኝ ሲቀር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ምንም የለብህም» የሚል ነው። ሰውየው ግን ሕመሙን እንደተሸከመ ወደ ሌላ ክሊኒክ ያመራል። ይህ መልስ የላቦራቶሪ ግኝት ሳይሆን የፍልስፍና ውርስ መሆኑ እምብዛም አይስተዋልም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው ሥራው አእምሮ የሚያስብና ቦታ የማይዝ፣ ሥጋ ደግሞ ቦታ የሚይዝና የማያስብ ባሕርይ መሆናቸውን አስተማረ። የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 በጻፈችለት ደብዳቤ፣ ግዙፍ ያልሆነች ነፍስ ግዙፉን ሥጋ እንዴት ልታንቀሳቅስ እንደምትችል ጠየቀችው። የሰጣት መልስ አላረካትም። የሚገርመው፣ ልዕልቲቱ በ1645 በማይለቅ ትኩሳትና በደረቅ ሳል በታመመች ጊዜ ዴካርት ራሱ የእንዲህ ያለው ትኩሳት የተለመደ መንስኤ ኀዘን እንደሆነ ጽፎላታል። ተከታዮቹ የወረሱት ግን ይህን ደብዳቤ ሳይሆን ክፍፍሉን ነው።

ሥነ ልቡናም ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሲሆን ከክፍፍሉ አላመለጠም። ዊልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕዚግ የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ ሲያቋቁም ተመራማሪዎቹ የውስጥ ስሜትን በራስ ምልከታ ይመዘግቡ ነበር። በ1913 አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን በተቃራኒው ቆሞ፣ ሳይንስ ሊያጠና የሚገባው የሚታይ ባሕርይን ብቻ ነው አለ። አንዱ ውስጡን፣ ሌላው ውጩን ያዘ፤ ሙሉው ሰው ግን በመካከል ቀረ።

በሕክምናው በኩል ጉልህ ለውጥ የመጣው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ፣ አካላዊ ምልክት የሚጎላበትን የአእምሮ ሕመም ለመለየት «የሕክምና ምክንያት ያልተገኘለት» የሚለው መስፈርት ማዕከላዊነቱን አጥቷል። አሁን የሚመዘነው ሕመምተኛው ስለ ምልክቱ ያለው ከመጠን ያለፈ ሐሳብና ሥጋት፣ የሚያጠፋው ጊዜና ጉልበት እንዲሁም የዕለት ኑሮው መታወክ ሲሆን፣ ሁኔታው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በላይ የቆየ መሆን አለበት። የስኳር ወይም የልብ ሕመም መኖሩም ምርመራውን አያስቀርም።

ስለዚህ የላቦራቶሪው ውጤት ነፃ በሆነ ጊዜ ጥያቄው አላበቃም። ሕመሙ የትኛውን ሥራ እንዳስተወው፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ በቤቱ ምን እንደደረሰ መጠየቅ ይገባል። በአንጻሩ «ጭንቀት ነው» ብሎ ቸኩሎ መደምደምም ያንኑ ክፍፍል በሌላ በር ማስገባት ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና የደም ማነስም ልብን ያስመታሉ።