ከፎርማት በፊት፦ የሃርድ ዲስክ ጥገና በጫኖ ቆላ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በዓባያ ሐይቅና በምዕራቡ ተራራማ አካባቢ መካከል በሚገኙት የጫኖ ቀበሌዎች የሚያገለግል ኮምፒውተር ከቆላው ሙቀት፣ ከአቧራና ከመብራት መቆራረጥ ጋር እየታገለ የሚሠራ በመሆኑ፣ መንቀራፈፍ ሲጀምር የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው።

ሃርድ ዲስክ በማግኔት በተለበጡና በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ በሚሽከረከሩ ዝርግ ሳህኖች ላይ መረጃ የሚያስቀምጥ ዕቃ ሲሆን፣ መረጃውን የሚያነብበው ጫፍ የሚፈለገው ስፍራ ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። ባለ 5400 ዙሩ ሳህን አንድ ጊዜ ለመዞር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ አንድ ፋይል በአንድ ስፍራ መቀመጫ አጥቶ ተቆራርጦ ስለሚበተን፣ ጫፉ እያንዳንዱን ቁራጭ ፍለጋ ይመላለሳል፤ የኮምፒውተሩ የዲስክ መብራት ያለማቋረጥ የሚበራው በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው። በዊንዶውስ የድራይቭ ሲ መለኪያ ወደ ቀይ መቀየሩ ባዶው ቦታ ከ10 በመቶ በታች መውረዱን ያመለክታል።

ዴስክቶፕ ላይ የሚከማቹ ፊልሞችና ፎቶዎች በድራይቭ ሲ ላይ እንደሚቀመጡ ብዙዎች ስለማያስተውሉ፣ ወደ ድራይቭ ዲ ማዛወሩ ብቻ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ቀጥሎ ዲስክ ክሊንአፕ በተባለው መሣሪያ ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጥፋት፣ ከዚያም የተበታተኑትን ቁርጥራጮች በዲፍራግ መሰብሰብ ይቻላል፤ ነገር ግን ተሽከርካሪ አካል በሌለው ኤስኤስዲ ላይ ዲፍራግ ማድረግ ዕድሜውን ከመቀነስ በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም።

መብራት ፋይል እየተጻፈ ሳለ ሲጠፋ የዲስኩ ማውጫ ሊዛባ ስለሚችል፣ ይህን የሚመረምረውና የሚያስተካክለው ቼክ ዲስክ የተባለው ፕሮግራም በተለይ ለእንዲህ ያለ አካባቢ ጠቃሚ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ሜካኒካል ብልሽት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ማንኛውም ጥገና ከመሞከሩ በፊት መረጃው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለበት።

በየጥገና ቤቱ በቀላሉ የሚታዘዘው ፎርማት ድራይቭ ሲን ጠራርጎ ስለሚያጸዳ፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን የተማሪ ውጤትም ሆነ የማኅበር ሒሳብ አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ ፎርማት መታሰብ ያለበት ሰነዱ ከተገለበጠና ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተሞክረው መፍትሔ ካልሰጡ በኋላ ነው።