«ላይት ፔንቲንግ»፦ መጻፍ፣ መሣል ወይስ መቀባት?

በፎቶግራፍ ሙያ «ላይት ፔንቲንግ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ከጅምሩ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ይኸውም ስያሜው ሁለት የተለያዩ ተግባሮችን አጠቃሎ መያዙ ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊት ተግባሩን መመርመር ያስፈልጋል።

የሁለቱም መሠረት አንድ ነው። ካሜራው በጨለማ ቦታ በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይደረግና መዝጊያው ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ30 ሰከንድ፣ ተከፍቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የገባው ብርሃን ሁሉ በአንድ ምስል ላይ ይጠራቀማል። ልዩነቱ መብራቱ ወዴት እንደሚዞር ነው። ወደ ካሜራው ዞሮ ሲንቀሳቀስ የራሱን ዱካ በመስመር መልክ ይተዋል። ጆን ሚሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ፓብሎ ፒካሶ በትንሽ መብራት አየር ላይ ሲሥል ያነሣው በዚህ ዘዴ ነው።

መኪና ሲነሣ ግን መብራቱ የሚዞረው ወደ መኪናው ነው። የያዘው ሰው ጥቁር ልብስ ለብሶ ሳይቆም ስለሚንቀሳቀስ በምስሉ ላይ አይታይም። የመኪና አካል እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው በይበልጥ የሚቀበለው የመብራቱን ነጸብራቅ ነው። በመሆኑም ትንሽ የእጅ ባትሪ ቀጭን ጭረት ብቻ ሲተው፣ ረጅም ዘንግ መሰል መብራት በአካሉ አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት ሲያልፍ ቅርጹን የሚያጎላ ሰፊና ያልተቋረጠ ብርሃን ይሰጣል።

አማርኛ ለእነዚህ ተግባሮች የተለያዩ ግሦች አሉት። መስመር ማውጣት «መሣል»፣ ገጽን መሸፈን «መቀባት» ነው። «በብርሃን መጻፍ» ግን አይመረጥም፤ «ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ ሥሩ «የብርሃን ጽሕፈት» ማለት ስለሆነ ልዩውን ዘዴ ከጠቅላላው ሙያ ጋር ያደባልቃል።

«ቀባ»ም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «መኪናው ተቀባ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ጋራዥ ገብቶ ቀለም መቀባቱን ነው። «ብርሃን ቅብ መኪና» ቢባል ደግሞ እንደ «ወርቅ ቅብ» ሁሉ ቅቡ በዕቃው ላይ የቀረ ያስመስላል። ብርሃኑ ግን መብራቱ ሲያልፍ ከመኪናው ላይ ይጠፋል፤ ተጠብቆ የሚቀረው በፎቶግራፉ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «የተቀባ» የሚለው ቅጽል መግለጽ ያለበት መኪናውን ሳይሆን ፎቶግራፉን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለመጀመሪያው ተግባር «በብርሃን የተሣለ ፎቶግራፍ»፣ ለሁለተኛው «በብርሃን የተቀባ ፎቶግራፍ» የሚሉት ስያሜዎች ተስማሚ ናቸው። ጽሑፉ ስለ መኪና ሲሆን «በብርሃን የተቀባ የመኪና ፎቶግራፍ» ማለት ይበቃል። እንግሊዝኛው በአንድ ስም የሸፈነውን ልዩነት አማርኛ በሁለት ግሦች ሊያሳይ ሲችል፣ ባዕዱን ቃል እንዳለ መውሰድ የሙያውን አንባቢ ግልጽነት መንፈግ ይሆናል።